ሙዝና የበላችው

«እኔ እኮ ክፋት አላውቅም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ከአጠገቡ ዞር እላለሁ። እኔ ክፋትን አውቀዋለሁ። ግማሽ ዓመት ያህል በቀን ሁለት ጊዜ በባልዲ ተሸክሜዋለሁ። ለምን እንደሆነ ልናገርና ከዚያ ፍረዱ፤ ብትፈርዱብኝም ቅር አይለኝም።

ዘሪቱ እባላለሁ፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ዱባይ፣ ጁሜይራ፣ አንድ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ማዳም ቁጡ ናት እንጂ ልቧ ክፉ አይደለም። ባሏን ባባ እንለዋለን፤ ከልጆቹ ይልቅ ፈረሶቹን የሚወድ ሽማግሌ ነው። ፈረሶቹ የሚኖሩት ከሻርጃ ወጣ ብሎ በረሃው ውስጥ ባለው እርሻው ነበር። ታናሽ ወንድሜን አየለን ያስመጣሁት እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ማዳምን ለምኜ፣ እግሯን እያሸሁ ሁሉ ለምኜ፣ ቪዛ ወጣለትና እርሻው ላይ ሳይስ ሆኖ ተቀጠረ። ሳይስ የሚሉት ፈረስ የሚያበላ፣ የሚያጥብ፣ ጋጣ የሚጠርገውን ሰው ነው። አባታችን ባለጋሪ ስለነበር ሁለታችንም ያደግነው ከፈረስ ጋር ነው። የአየለ ግን ይለይ ነበር። ልጅ ሆኖ ፈረሳችን ሲታመም እሱም አብሮ ምግብ እምቢ ይል ነበር፤ እናታችን ሁለት በሽተኛ እያስታመመች ትውል ነበር።

በዚያ እርሻ የፈረሶቹን ምግብ የሚያዘው ቃለአብ የሚባል የአገራችን ሰው ነው። ሻርጃ ከተማ አል መጃዝ ፎቅ ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል፣ አረብኛውንም እንግሊዝኛውንም እንደ ውሃ የሚጠጣ ሰው። ድሮ የፈረስ ምግብና ቫይታሚን በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ሻጭ ነበር፤ ባባ ንግግሩን ወደደለትና ከዚያ አውጥቶ የራሱ ሠራተኛ አደረገው። ሁሉም ሰው ዶክተር ይለዋል። የምን ዶክተር እንደሆነ የጠየቀው የለም፤ እሱም አይደለሁም ብሎ አያውቅም።

በዚያ አገር ፈረስ ድርቆሹን ሲለቅም አሸዋ አብሮ ይውጣል። አሸዋው ሆዱ ውስጥ ይከማችና ካልወጣ ይገድለዋል። የሚያወጣለት አንድ ቅርፊት አለ፤ ውሃ ሲነካው እንደ ተልባ ይሙለጨለጫል፤ በየወሩ ለአንድ ሳምንት ከምግቡ ጋር ይሰጣል። ቃለአብ ይህን ቅርፊት ማዘዝ ረሳ። አየለ ሦስት ጊዜ ነገረው፤ ሦስቱንም ጊዜ «እሺ ይመጣል» አለው። በሦስቱም ቀን አየለ እኔ ጋ ደውሎ ሲጨነቅ ሰምቻለሁ። በ2011 ሐምሌ ላይ ባባ ከሁሉም አብልጦ የሚወዳት ባዝራ ሆዷን ሲቆርጣት ስትንከባለል ውላ ሞተች። ስትከፈት ከሆዷ አሸዋ በባልዲ ወጣ።

በማግስቱ ቃለአብ ጁሜይራ ቤት መጣ። ባባ ፊት ተቀምጦ፣ ቅርፊቱ መጋዘን ውስጥ ሞልቶ ነበር፣ አየለ መዘፍዘፉ ስለሰለቸው ይደፋው ነበር፣ ድርቆሹንም ገንዳ ውስጥ ማድረግ ትቶ አሸዋው ላይ ይበትነው ነበር ብሎ ተናገረ። ባባ እርግጠኛ ነህ ወይ ሲለው «ዋላሂ» አለ። እኔ የሻይ ትሪ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አረብኛውን አንድም ቃል ሳይቀር ሰማሁት። እውነቱን አውቃለሁ፣ አፍ አለኝ፣ ቋንቋውን እችላለሁ፤ ሻዩን አስቀምጬ ወጣሁ። ማዳም ወጥ ቤት ድረስ ተከትላኝ መጥታ ስለ ወንድምሽ አንድ ነገር ካወራሽ አብረሽው ትሄጃለሽ፣ ኸላስ፣ በቃ አለችኝ። እኔም እሺ አልኳት። 

አየለን በአራተኛው ቀን አሳፈሩት። ከአውሮፕላን ማረፊያ ደወለልኝ። ስለ ሥራው፣ ስለ ቪዛው፣ ስለ ባዶ እጁ አላነሳም። «እትዬ፣ ፈረስ ገዳይ አሉኝ» ብቻ ነው ያለኝ። አገር ቤት ከገባ በኋላ አንድ ዘመዳችን ጋሪውን እንዲይዝለት ቢለምነው እምቢ አለ። የሕንፃ ሥራ ላይ ድንጋይ ይሸከማል። እናታችን እንደነገረችኝ የጋሪ ማቆሚያው ጋ ሲደርስ በሌላ መንገድ ዞሮ ነው የሚሄደው። እኔ ይህን የሰማሁ ቀን አንድ ነገር ማልኩ። ቃለአብም ስሙ እንደዚያ ይጠፋል፣ በዓይኔ አያለሁ አልኩ። እንዴት እንደሚሆን ግን አላውቅም ነበር። እኔ ሳህን አጣቢ፣ እሱ ዶክተር።

ከዚያ ኮሮና መጣ። መጋቢት 2012 ላይ በረራ ሲቆም ማዳም ቤቱን ዘግታ ሁላችንንም ይዛ እርሻው ገባች። ባባ ስኳር ስላለበት በሽታው ቢይዘው አይተርፍም ተብሎ ከክፍሉ እንዳይወጣ ተደረገ፤ ፈረሶቹን በመስኮት ነበር የሚያያቸው። ሁለቱ ፓኪስታናውያን ሳይሶች ለዕረፍት ሄደው አገራቸው ቀሩ። ሦስተኛው አተኮሰውና በአምቡላንስ ተወሰደ። አምስት ፈረስ የሚያበላ ሰው ጠፋ። ማዳም ጓንትና ማስክ ሰጠችኝና አባትሽ ፈረስ ነበረው አይደል፣ ያላ ግቢ አለችኝ። ጋጣው በር ላይ ስደርስ ደግሞ ከኋላዬ ሳቅ ብላ «እንደ ወንድምሽ እንዳትሆኚ» አለች።

ከአምስቱ አንዷ ሙዝና ናት። ያቺ የሞተችው ባዝራ ልጅ፣ ሁለት ዓመት ያለፋት፣ ዳማ፣ ግንባሯ ላይ ቦራ ያለባት። ስትወለድ የተቀበላት አየለ ነው። ገና እርጥብ ሆና፣ እግሯ እየተብረከረከ፣ አየለ ከኋላ እየሳቀ ያነሳው ቪዲዮ እስከ አሁን ስልኬ ላይ አለ። እናቷ ከሞተች በኋላ ባባ ተስፋውን ሁሉ እሷ ላይ ጥሎ ነበር። ሙቀቱ አልፎ ሲቀዘቅዝ ለውድድር ልትሰለጥን ነው። ሙዝናም በሦስተኛው ቀን ለመደችኝና በሄድኩበት እየተከተለች ኪሴን ታሸት ጀመር።

ቃለአብ በሽታውን ክፉኛ ፈርቶ ነበር። ሁለት ማስክ ደርቦ ይመጣል፣ ከመኪናው አይወርድም፣ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ከፍቶ ይናገራል። የቀረውን በዋትሳፕ በድምፅ ያዘኛል፣ እኔ ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ የፈረሶቹን ቪዲዮ እልክለታለሁ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የሙዝና ምግብ ወደብ ላይ ዘገየ። ያኔ ይህን ቮይስ ላከልኝ።

«ለጊዜው ፉርሽካ ስጫት። ለሆድ ለስላሳ ነው፣ አያደርቃትም። አገራችን የጋሪ ፈረስ ሁሉ በሱ አይደል እንዴ የሚኖረው?»

ያቺ ባዝራ በሆዷ ከሞተች ወዲህ ቃለአብ ስለ ሆድ እንጂ ስለ ሌላ ነገር አያስብም። ለሆድ የሚጠጣ፣ ለሆድ የሚቀባ፣ ለሆድ የሚነሰነስ። የሌላ አገር ሰው ቢሆን አንድ መጽሐፍ ይገልጥ ነበር። እሱ ግን ልጅ ሆኖ ቢሾፍቱ ያየው የጋሪ ፈረስ ትዝ አለውና በቃው።

ፉርሽካ ምን እንደሚሠራ እኔ አውቃለሁ። ቤታችን የዱቄት ፋብሪካ አጠገብ ስለነበር አባባ አንድ ዓመት ሙሉ ፈረሱን ፉርሽካ ብቻ አበላው። ፈረሱም ወፈረ፤ ሰዉ አባባን ያመሰግነው ነበር። ከዚያ አንድ ቀን በአንዱ እግሩ፣ ሌላ ቀን በሌላው ማንከስ ጀመረ። ቀጥሎ ፊቱ ግራና ቀኝ አበጠ። ከግብርና ቢሮ የመጣ ባለሙያ ፉርሽካ ብቻውን ሲበዛ ከአጥንት ውስጥ ኖራውን እየመጠጠ ያወጣዋል፣ አጥንቱ ውስጥ ውስጡን ይቦረቦራል ብሎ ነገረን። ድርቆሽና የአልፋልፋ ሣር ስጡት፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት አክሉበት አለን። እኛ ግን ዘግይተን ነበር። ቁልቁለት ላይ የፊት እግሩ ተሰብሮ ጋሪው ሥር ወደቀ። አየለ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ሳምንት ሙሉ አልተናገረም።

ስለዚህ የቃለአብን ቮይስ ስሰማ ሁሉም ነገር ገባኝ። የመልስ መቅጃውን ተጭኜ «ዶክተር፣ ፉርሽካ እኮ ለምታድግ ፈረስ…» ብዬ ጀመርኩ። መሃል ላይ «ፈረስ ገዳይ» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ማዳም ጋጣው በር ላይ የሳቀችው ሳቅ መጣብኝ። የጀመርኩትን አጥፍቼ «እሺ ዶክተር» ብዬ ላክሁ። የምበቀልበትን መሳሪያ ቃለአብ ራሱ ነው እጄ ላይ ያስቀመጠልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ወራት ሳስታውስ አዝኜ ነበር ብል ውሸት ነው። ደስ ይለኝ ነበር። ጠዋት ፉርሽካውን በሞቀ ውሃ ሳሾር፣ እጄ ውስጥ ሲለሰልስ፣ ይህ የአየለ ነው እል ነበር። ሌላ ባልዲ፣ ይህም የአየለ። ምግቡ አሁንም አልደረሰም እያለ ቃለአብ ቮይስ ይልካል፣ ትንሽ ከስታለች ወይ ይለኛል፣ አዎ ከስታለች እለዋለሁ፣ ሁለት ጣሳ ጨምሪላት ይላል። ያንን ሁሉ ቮይስ አንድም ሳላጠፋ አስቀመጥኩ። ሰኔ ላይ ሙዝና ከተኛችበት ስትነሳ ትቸገር ጀመር። አንድ ቀን ቀኝ እግሯን ታሳርፋለች፣ በሌላው ቀን ግራውን። ቪዲዮ ስቀርጽ ቆማ እንጂ ስትራመድ አላነሳትም፤ ባባ መስኮቱ ላይ ሲሆንም ከጋጣ አላወጣትም። ፀጉሯን በዘይት አሽቼ አበራዋለሁ። ፊቷ ማበጥ ሲጀምር የዝንብ መከላከያውን መሸፈኛ አለብሳታለሁ፤ በዚያ ሙቀት ሁሉም ፈረስ ስለሚለብሰው የሚጠረጥር የለም። ዶክተራችንም ከአል መጃዝ ሆኖ ቪዲዮውን ያይና «ማሻላህ፣ ቆዳዋን አየሽው?» ይለኛል። እኔም አየሁት እላለሁ።

ነሐሴ አንድ ቀን፣ ፍልሰታ በገባበት ዕለት፣ ቃለአብ መኪናውን ሞልቶ መጣ። ከረጢቶቹን ከኋላ እኔው አራገፍኩ፤ እሱ ሳይወርድ በመስኮቱ ክፍተት ተናገረኝ። ፉርሽካው ከዛሬ ጀምሮ ይቁም፣ ይህ ለምታድግ ፈረስ ተመጥኖ የተዘጋጀ ነው፤ በትንሹ ከረጢት ያለው ነጭ ዱቄት ለአጥንት ነው፣ ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ አለኝ። እንዳትረሺ ብሎ ደገመልኝ። ይህን በአፉ ነው የነገረኝ፣ በስልክ አልላከውም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። እስከዚያች ቀን ድረስ ጥፋቱ የእሱ ነበር። እኔ ዝም ያልኩ ሰው ነኝ፣ እሱ ያዘዘ ሰው ነው። መኪናው ሲሄድ ከረጢቶቹ መሃል ቆሜ ቀረሁ። ሙዝና እያነከሰች መጥታ ራሷን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ያበጠው ፊቷ ይሞቅ ነበር። የዚያን ቀን ብጀምርላት ትድን ነበር፤ አባባ ያላገኘው ጊዜ በእጄ ነበር። ይህን አውቄ ነው ያደረግሁት። ምግቡን እርሻው ላይ ላሉት የማዳም ፍየሎች ሰጠሁት፣ ነጩን ዱቄት አሸዋው ውስጥ ቀበርኩት፣ ባዶ ከረጢቶቹን ከቆሻሻው ጋር አቃጠልኩ። ፉርሽካ መጋዘኑ ውስጥ ገና ብዙ ነበር።

እየጾምኩ ነው ይህን የማደርገው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል በአፌ ሳይገባ ባልዲዬን እሸከማለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስለተዘጋ የንስሐ አባቴን በስልክ ነበር የማገኛቸው። ማዳምን በልቤ መስደቤን ነገርኳቸው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለሙዝና የማታውን አሾርኩላት።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አሰልጣኙ መጣ። ባባም ያን ዕለት ማዳምን ለምኖ ወንበር ወጥቶለት ከሩቅ ተቀመጠ። አሰልጣኙ መሸፈኛውን ሲገልጥ ፊቷን አየና ምንድን ነው አለ። እኔ ዝንብ ነድፏት ነው አልኩት። ትንሽ አመነታና በገመድ ይዞ ዙሪያውን አራመዳት፣ ከዚያ ሶምሶማ አስጀመራት። ሁለተኛው ዙር ላይ የቀኝ የፊት እግሯ ተሰበረ። ድምፁን ባባም ከተቀመጠበት ሰምቶታል። ስትወድቅ አልጮኸችም። ለመነሳት ሞከረች፣ ደግማ ሞከረች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ።

የእንስሳት ሐኪሟ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረሰች። አንዲት ፈረንጅ ናት፣ በእጅ የሚያዝ ራጅ ማንሻ ይዛለች። ፎቶውን ለባባ አሳየችው። ይህ አጥንት የሁለት ዓመት ፈረስ አጥንት አይደለም፣ ውስጡ ባዶ ነው፤ ምንድን ነው የምትበላው ብላ ጠየቀች። መልስ ከማግኘቷ በፊት ግን ከሥቃይ የሚያሳርፋትን መርፌ መስጠት ነበረባት። ገመዱን የምትይዝ ፈለገች፣ ሙዝና ደግሞ ከእኔ በቀር የምትረጋለት ሰው የለም። ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ ያዝኳት። እስትንፋሷ እጄ ላይ እስኪያቆም ድረስ ያዝኳት። በዚያች ሰዓት ውስጤ ምን እንደነበር እውነቱን ልናገር፤ ቃለአብ እስኪመጣ ቸኩዬ ነበር።

መጣም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመኪናው ወረደ። ባባ ምን አበላሃት ሲለው የተመጣጠነ ምግብ ብሎ ጀመረ። እኔ ስልኬን አወጣሁ። አማርኛውን ቮይስ አንድ በአንድ እየከፈትኩ ወደ አረብኛ መለስኩላቸው። ፉርሽካ ስጫት፤ ሁለት ጣሳ ጨምሪላት፤ ማሻላህ ቆዳዋን አየሽው። ሐኪሟ ሲተረጎምላት ራሷን ነቀነቀች። ቃለአብ ፊቱ አመድ መሰለ። ነሐሴ ላይ አቁሚ ብያታለሁ፣ ምግቡንና የአጥንቱን ዱቄት ራሴ አምጥቻለሁ፣ የገዛሁበት ደረሰኝ አለኝ እያለ ጮኸ። መጋዘኑ ተከፈተ። ከፉርሽካ በቀር ምንም የለም።

ባባ ወደ እኔ ዞረ። ማስኩን አውርዶ ነበር።

«አምጥቷል?» አለኝ።

«አላመጣም።»

«ዋላሂ?»

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ሺህ ጊዜ ብዬዋለሁ። ሽንኩርት አለቀ ዋላሂ፣ ካውያውን አጥፍቻለሁ ዋላሂ። የክርስቲያን ልጅ ብሆንም አፌ ለምዶት ምኔም አልነበረም።

«ዋላሂ» አልኩ።

በቃ። ምግቡን ገዝተህ ለሌላ ሰው ነው የሸጥከው ተባለ። ቃለአብ በአረብኛ ማለ፣ በእንግሊዝኛ ለሐኪሟ አስረዳ፣ በአማርኛ እኔን ለመነ። ሦስት ቋንቋ እያወቀ በአንዱም የሚያምነው አላገኘም። ቪዛው እንዲሰረዝ ባባ እዚያው ቆሞ ስልክ ደወለ፤ የሚያውቃቸው ባለ ፈረሶች ሁሉ የዚህን ሰው ስም እንዲሰሙ አደርጋለሁም አለ። አሥራ አምስት ወር የጠበቅሁት ነገር ከሩብ ሰዓት በላይ አልፈጀም።

መኪናውን ሊያስነሳ ሲል በሩ ላይ ጠበቅሁት። መነጽሩ ከግንባሩ ወርዶ የት እንደወደቀ እንጃ። «ዘሪቱ፣ ምን በደልኩሽ?» አለኝ። ይህችን ጥያቄ በሐሳቤ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት፣ መልሷን ስንት ጊዜ እንደተለማመድኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

«አየለን ታስታውሰዋለህ?» አልኩት።

ግራ ገባው። ከልቡ ነበር የሚያስበው።

«የቱ አየለ?»

ከበሩ ዞር አልኩለት። የሰው ሕይወት አበላሽቶ ስሙን እንኳ አልያዘውም። መኪናው ሄዶ አቧራው ሲረግብ ደስታዬን ፈለግሁት፤ ግማሹን ይዞብኝ ሄዷል። የቀረውን ግማሽ ከአየለ ጋር እካፈለዋለሁ ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁና ደወልኩለት። ከሥራ ገና መግባቱ ነበር፣ ሲያስለው ሰማሁ። ቃለአብ ተባረረ፣ ቪዛው ተሰረዘ፣ ስሙ ጠፋ አልኩት። እንዴት ሆነ አለኝ። ከመጀመሪያው ባልዲ ጀምሮ አንድም ሳልደብቅ ነገርኩት። ፉርሽካውን፣ ቪዲዮውን፣ ፍየሎቹን፣ መሐላዬን። እየሳቅሁ ነበር የምነግረው።  

«ሙዝናስ?» አለኝ።

«እግሯ ተሰበረ። ሐኪሟ መርፌ ሰጠቻት።»

«ማን ያዛት?»

«እኔ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«አየለ፣ ላንተ ብዬ ነው እኮ» አልኩት።  «ስምህን እንዳጠፋው ስሙን አጠፋሁልህ።»

«እትዬ» አለኝ። አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ሰው ሁሉ ገዳይ ሲለኝ እኔ እንዳልገደልኩ አውቅ ነበር። የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር። ያላደረግሁትን አንቺ አደረግሽልኝ።»

ስልኩን ዘጋው። ደግሜ ስደውል አላነሳም፤ በማግስቱም አላነሳም፤ እናታችንም ስልኩን ሳቀብለው ወደ ውጭ ይወጣል አለችኝ። ባባ አዲስ ሳይስ አልቀጥርም ብሏል። አራቱን ፈረሶች ለእኔ ሰጥቶኝ ደመወዜን ጨምሯል፤ ከእንግዲህ ለእንስሶቼ የማምነው ሰው እሷ ብቻ ናት ብሎ ለማዳም ሲነግራት በጆሮዬ ሰማሁት።